ዓሣው ይበላል

ዓሣውን ያመጣሁት ሳላውቅ ነው። ቴፒ የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አባቷ ከቤታቸው በታች በቆፈሩት ኩሬ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ያረባሉ። የሥነ ሕይወት መምህርት መሆኔን ሲሰሙ፣ ለተማሪዎቼ ማሳያ እንዲሆነኝ ጥቂት የዓሣ ጫጩቶች ውኃ በያዘ ላስቲክ ውስጥ አድርገው ሰጡኝ። ላስቲኩን ጭኔ ላይ አቅፌ ወደ ሚዛን በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ለወጥ ነው?» ቢሉኝ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አዎ ይሁን አይደለም እኔም አልለየሁትም፤ ብቻ ከመናገር ይቀለኝ ነበር።

ሚዛን ስደርስ ጫጩቶቹ ያነሱ መሰለኝ። በማግስቱ ማነሳቸው እርግጥ ሆነ። ላስቲኩ ቀዳዳ ይኖረው እንደሆነ አገላብጬ አየሁት፤ የለውም። ወደ ባልዲ ባዛወርኳቸው በሦስተኛው ቀን የቀረው አንድ ዓሣ ብቻ ነበር፤ እሱም ቆሮሶ አልነበረም። ከወንዙ በጎርፍ ወደ ኩሬው የገባ ሌላ ዘር ነው። አውራ ጣቴን ያህላል። መልኩ እንደበሰለ የቡና ፍሬ ቀይ ሆኖ፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ ሰማያዊ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ሆዱ ተወጥሮ ባልዲው ጥግ ላይ ቆሞ ያየኛል። ጓደኞቹ የት እንደደረሱ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ትምህርት ቤት ወስጄ ላሳየው አሰብኩና ተውኩት። አንድ ቀን ባልዲው አጠገብ ተቀምጬ ሳየው ዋልኩ፤ ከዚያ በኋላ ልለየው አልቻልኩም።

የምኖረው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው የተወለዱት ሚዛን ነው። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለውን የተከራየው ደግሞ ከስልጤ የመጣ፣ ገበያው አጠገብ ስልክና ቻርጀር የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ወሬው ብዙ፣ ልቡ ደግ ነው። የሱቁ የመስታወት ሣጥን በአንድ ጎኑ ተሰንጥቆበት ነበርና ደህናውን መስታወት አስቆርጦ፣ አልሙኒየም የሚሠሩ ልጆች ጋ በሲሊኮን አስለጥፎ፣ ለዓሣው ቤት አመጣለት። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር መንፊያም ከሱቁ ጨመረበት። እኔ የወንዝ ጠጠርና የተሰበረ የገንቦ አንገት አስገባሁ። ዓሣው ወዲያው የገንቦው አንገት ውስጥ ገብቶ አፉን ብቻ ብቅ አደረገ።

እትዬ የመጀመሪያው ቀን መጡና ከበሩ ሳያልፉ ጠየቁ።

«ቅርፊት አለው?»

ቅርፊት የሌለውን፣ እንደ አምባዛ ያለውን ዓሣ እሳቸው አይነኩም፤ ቤታቸውም አይገባም።

«አለው እትዬ» አልኩ።

«እንግዲያው ይቀመጥ» ብለው ሄዱ። ማታ በርጩማቸውን ይዘው ተመለሱ።

ዓሣው የሞተ ነገር አይነካም። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁለትን ደረቅ መኖ አፉ ውስጥ አስገብቶ፣ እንደተሳሳተ ሰው ተፋው። የሚፈልገው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከጓሮ ከሙዙ ሥር የምድር ትል እቆፍርለታለሁ። ትሉ ውኃው ውስጥ ገብቶ ሲጥመለመል፣ ዓሣው ከገንቦው አንገት ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ይቆማል፤ ክንፉ ብቻ ይርገበገባል። ከዚያ ዓይን ሳይዘው ትሉ የለም። እትዬ በዚያ ቅጽበት ሁልጊዜ «በስመ አብ!» ይላሉ፤ ብለውም በርጩማቸውን ወደ መስታወቱ ጠጋ ያደርጋሉ።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ የተወለድኩት ሸዋ ቤንች አካባቢ ነው፤ አፌን የፈታሁት በቤንችኛ ነው። አማርኛን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ አይናገርም። ልጅ ሆኜ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳነብ «በልጅቷ ፊት ላይ ሽፍታ ወጣ» የሚል ዐረፍተ ነገር ደረሰኝ። ጠብቆ መነበብ የነበረበትን አላልቼ አነበብኩት። ቆዳ ላይ የሚወጣውን ጫካ ከሚገባው ጋር ቀላቀልኩት ማለት ነው። መምህሩ «ስንት ሆነው ወጡ? ጠብመንጃስ ይዘዋል?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ ለብዙ ጊዜም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ መጻፍ ይሻለኛል። ስልክ መደወል ካለብኝ እንኳ መልእክት እልካለሁ፤ የተጻፈ ቃል ላይ ማንም አይስቅብኝም።

ነጋዴው ይህ ይገርመው ነበር። አንድ ቀን በግድግዳ ተለያይተን ሳለን «ባትሪው አልቋል መሰለኝ» የሚል መልእክት ብልክለት በሬን አንኳክቶ ገባ።

«ቲቸር፣ እዚህ ግድግዳው ሥር ሆነሽ ነው የምትጽፊልኝ? ምን አድርጌሽ ነው?»

ያፈርኩትን ላስተባብል ብዬ የልጅነቱን ታሪክ ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀና መስታወቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«በቃ፣ የዚህ ሰውዬ ስም ተገኘ። ሽፍታ! አጥብቀሽ ብታነቢው በቆዳው፣ አላልተሽ ብታነቢው በጠባዩ። በእሱ አትሳሳቺም።»

እትዬ ከውጭ ሰምተው «ሽፍታ በቤቴ አላሳድርም!» አሉ። በማግስቱ ግን ትል ስቆፍር ከኋላዬ ቆመው «ለሽፍታው ወፈር ያለውን አንሺለት እንጂ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ችግሩ የመጣው ጾም ሲገባ ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ነጋዴው እስከ መግሪብ ውኃም አይቀምስም። በግቢው ውስጥ ቀን የሚበላው እኔና ዓሣው ብቻ ሆንን። እኔ እፍረት ይዞኝ በሬን ዘግቼ፣ ማንኪያዬ ሳህኑን እንዳይነካ እየተጠነቀቅሁ እበላ ነበር። ዓሣው ግን እፍረት አልፈጠረበትም። ትሉን መስታወቱ ፊት ለፊት፣ እትዬ እያዩት ነው የሚውጠው።

«ምናለ በዚህ ወቅት እንኳ ቢታገስ?» አሉ አንድ ቀን፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ጾመኛ አይደለም» አለ ነጋዴው።

«አንተን ማን ጠየቀህ? በእናንተም በኛም ሳይጾም ሊኖር ነው?»

እንዲህ እንዳለን ማሻ ከተማ ለሥልጠና እንድሄድ ታዘዝኩ። ሳምንቱን ሙሉ ነው። ሽፍታው ሌላው ቢቀር ትል ሊያገኝ ይገባል። ነጋዴው ደረቱን ነፋ።

«ለእኔ ተይው! ትል መወርወር ነው አይደል? ምን ያስጨንቅሻል?»

ትሎቹን ከነአፈራቸው በቀለም ቆርቆሮ አድርጌ፣ ክዳኑን በምስማር ቀዳድቼ ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ይዞ ከራሱ አርቆ ተቀበለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ማሻ ብርድና ጭጋግ ነው። የሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ሻይ የምንጠጣበት በረንዳ ጥግ ላይ ብቻ አንዳንዴ ይገኛል። ሁሉም ሰው ስኒውን ይዞ እዚያው ጥግ ላይ ይታጨቃል። እኔ ከማንም ጋር አልተዋወቅሁም፤ ሻዬን ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር የምቆመው። በሁለተኛው ቀን ከነጋዴው መልእክት መጣ።

«ሰላም ቲቸር። እትዬ ዓሣው በጾም ይበላል ወይ ይላሉ።»

ፈገግ አልኩ። እትዬ አሁንም ጾም ሊያስይዙት ነው ብዬ በጥንቃቄ መለስኩ።

«አዎ ይበላል። ጾም እሱን አይመለከተውም።»

በማግስቱ ጠዋት ሌላ መልእክት ገባ።

«ዓሣው አይበላም። እትዬ ቄሱን ጠይቀው ነበር፤ እሳቸውም አይበላም ብለዋል። እትዬ በጣም ተናደዋል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። አላልቼ ሳነበው ዓሣው ምግብ አልነካም ማለት ነው። ትል ሲያይ ራሱን የማይገዛ ዓሣ ካልበላ ታሟል፤ ከሄድኩ ጀምሮ ካልበላ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ግን ቄሱ ስለ ሽፍታው የምግብ ፍላጎት በምን አወቁ? አጥብቄ ሳነበው ዓሣውን ሰው አይበላውም ማለት ሆነ። ማን ሊበላው አስቦ ነው ቄስ የተጠየቀው? መልእክቶቹን ወደ ላይ ገፍቼ የራሴን መልስ አየሁት። «አዎ ይበላል። ጾም እሱን አይመለከተውም።» አጥብቆ ለሚያነበው ሰው፣ በሁዳዴ ዓሣውን መጥበሻ ላይ ማድረግ ይቻላል ብዬ በራሴ ጣት ፈቅጃለሁ።

አውራ ጣት የሚያህል ዓሣ ማን ይጠብሳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ደግሞ ዓሣው ከመጣ ወዲህ ትንሽ ማደጉ ትዝ አለኝና መጽናናቱ ቀረ።

ልጠይቅ ብዬ ጻፍኩ። «አይበላም ያልከው አይበላም ማለትህ ነው ወይስ አይበላም?» ሳነበው ለራሴም አልገባኝም፤ አጠፋሁት። «ምግብ እንቢ አለ ማለት ነው?» ብዬ ላክሁ። መልሱ ሳይመጣ ወደ አዳራሹ ተጠራን። አሰልጣኙ ሲናገሩ አንዱም ቃል አልገባኝም። ዓሣው በሕይወት ካለ እያንዳንዷ ሰዓት ለእሱ ዋጋ አላት፤ እኔ ደግሞ መልእክት እጠብቃለሁ። ሻይ ሲባል ሰው ሳይቀድመኝ በረንዳው ጥግ ደረስኩና ደወልኩ።

«ሃሎ!»

«ዓሣው…» አልኩ በቀስታ። ሰዉ ከኋላዬ እየሞላ ነበር።

«ማን? አይሰማም!»

«ዓሣው!»

«የምን ዓሣ? ቲቸር ነሽ እንዴ? እትዬ! እትዬ ይምጡ! ቲቸር በድምፅ ደወለች!»

«አይበላም ያልከው» አልኩ፤ ከዚያ ሌላ መንገድ አጣሁና ጮኼ ጠየቅሁት፤ «ሰው ነው የማይበላው ወይስ እሱ ነው የማይበላው?»

ከኋላዬ አንዱ «ሰው የሚበላ ዓሣ አላት እንዴ?» ሲል ሰማሁ።

«ኧረ እሱ ነው የማይበላው!» አለ ነጋዴው። «እህል የሚባል አልቀምስ ብሏል።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ፤ ግን ኩርፊያ ላይ ነው።»

በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ እትዬ ስልኩን ነጠቁት።

«አንቺ ልጅ! አዋረድሽኝ እኮ! አባን ‹አባ፣ ቤቴ አንድ ዓሣ አለ፣ በዚህ ጾም…› ብዬ ሳልጨርስ፣ ሰው ሁሉ ፊት ‹ዓሣ በሁዳዴ አይበላም!› አሉኝ። እኔ! ይሄን ሁሉ ዘመን ጾሜ፣ ዓሣ አምሮኝ ፈቃድ የምለምን መሰልኳቸው! ቀና ብዬ ሳልሳለም ተመለስኩ።»

«ይቅርታ እትዬ። ትሉስ? ትል አልተሰጠውም?»

ከሩቅ የነጋዴው ድምፅ መጣ። «እትዬ አይንገሯት!»

«ምን እደብቃለሁ? ይሄ ወንድ ተብዬ ክዳኑን ከፍቶ አንዴ አየና ሮጠ!»

«አልሮጥኩም! ያስመልሰኛል እኮ ነው። ካስመለሰኝ ጾሜስ?»

«እኔ ደግሞ» አሉ እትዬ፣ «በሁዳዴ ነፍስ ያለውን ነገር ይዤ ለሞት አላቀርብም። ስለዚህ የጾም ሠራሁለት። ምስር ቀቀልኩለት፤ አልነካም። ምስሩ ትልቅ ሆኖበት ይሆናል ብዬ ሽሮ ነሰነስኩለት።»

«ሽሮ?»

ድምፄ ከኔ አቅም በላይ ወጣ። በረንዳው ላይ አንድ ሰው ሻይ ትን አለው።

«ትንሽ ነው እንጂ ብዙ አይደለም! እሱንም አልነካም። አሁን ውኃው ራሱ ወጥ መስሏል።»

ያኔ ማፈሬን ረሳሁ። ምግብ ያጣ ዓሣ ይታገሣል፤ በተበላሸ ውኃ ውስጥ ግን አይታገሥም።

«እትዬ፣ አሁኑኑ ከውኃው ግማሹን ቀድተው ይድፉት። የተቀቀለውንም ያውጡለት። ከዚያ ከበርሜሉ የዝናብ ውኃ ይጨምሩለት።»

«የበርሜሉማ ተበላሽቷል። እየተገለባበጠ የሚዋኝ ደቃቃ ትል አፍርቷል። ዛሬ ልደፋው ነበር…»

«አይድፉት!»

ይህን ስል ብድግ ብዬ ቆሜ ነበር። በርሜሉ ውስጥ የሚገለባበጠው የትንኝ እጭ ነው። ሕያው ነው፤ ይንቀሳቀሳል፤ በጣት መያዝም አያስፈልገውም። የምናገረውን ቃል በቃል መዝኜ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ እርስዎ ትል አይስጡት። ከበርሜሉ በጣሳ ውኃ ቀድተው ይጨምሩለት። ውኃ ብቻ።»

እትዬን ማታለል አይቻልም፤ እኔም ማታለሌ አልነበረም።

«ውኃ ብቻ?»

«ውኃ ብቻ።»

«ውስጡ ሌላ ነገር ቢኖርስ?»

«እርስዎ የሚቀዱት ውኃ ነው እትዬ። የቀረው የእሱ ፈንታ ነው።»

«ለተጠማ ውኃ መስጠት…» ብለው ጀመሩ።

«በሁለታችንም ጾም ይፈቀዳል!» አለ ነጋዴው።

«አንተ ዝም በልና ባልዲ አምጣ!»

ስልኩን ሳይዘጉት የሆነ ቦታ አስቀመጡት። ነጠላ ጫማ ሲሮጥ፣ ጣሳ ከባልዲ ጋር ሲጋጭ፣ ውኃ ሲደፋ ይሰማኛል። እትዬ «ቀስ በል፣ እሱንም እንዳትቀዳው!» ይላሉ። በረንዳው ላይ ሻይ የሚጠጣ አልቀረም። ከቱም ከተማ የመጣች፣ ከኋላዬ ወንበር የምትቀመጥ መምህርት ትከሻዬ ጋ ቆማ በሹክሹክታ «አልበላም?» አለችኝ። በትክክል አላልታ ነበር ያለችው።

«ገና ነው» አልኳት። «ውኃ እየለወጡለት ነው።»

ለሌሎቹ አስተላለፈችላቸው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ነጋዴው ስልኩን አንስቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኳስ ጨዋታ እንደሚያስተላልፍ ሰው ጀመረ። «እትዬ ቀድተዋል… አፈሰሱ… ትሎቹ ይታዩኛል፤ ኧረ እነዚህስ አያስጠሉም… ሽፍታው አፉን አወጣ… አላየም… አየ… ወጣ፣ ወጣ! ቆመ…»

እኔም ቆምኩ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። «በላ! አንቺ ልጅ፣ በላ! ኧረ ሁለተኛውንም! ሦስተኛውን!»

ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ ዞርኩ። በረንዳውን የሞላው ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚያየው።

«በላ» አልኳቸው።

«ማንን?» አለ ያ ቅድም የተናገረው ሰውዬ፤ በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። የቱሟ መምህርት ቀዝቅዞ የቀረውን ሻዬን ከእጄ ወስዳ ትኩስ አስቀዳችልኝ፤ «በይ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን» አለች። ነገርኳቸው። የት ማጥበቅ፣ የት ማላላት እንዳለብኝ ሳላስብ ነው የነገርኳቸው። አንድ ሁለቴ ሳልሳሳት አልቀረሁም፤ ሽሮው ላይ ስደርስ ግን ያንን የሚያስተውል ሰው አልነበረም።

አሰልጣኙ እጃቸውን አጨብጭበው ወደ አዳራሹ ሲጠሩን ስልኬ እንደገና ጮኸ። እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ሰው ሲደውልላቸው ለማንሳት ብቻ በሚይዙት ስልካቸው።

«ልጄ፣ ውኃው ያነሰው መሰለኝ» አሉ። «አንድ ጣሳ ልድገምለት?»

«ይበቃዋል እትዬ፤ ብዙ ከሆነ ሆዱን ያመዋል።»

«ምን ይበቃዋል! እንዲህ ጾሞ ለሰነበተ ፍጥረት? ይኸው መስታወቱ ሥር መጥቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።»

ሌላ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ ስልኩ ውስጥ ውኃ ሲፈስ ሰማሁ።